ለኦሲሪስ 50 ደቂቃ ብቻ? ከሉክሶር አቢዶስ ሁለቴ ተመላልሼ ያየሁት

ፍርዱን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ወሬው ከዚያ ይቀጥላል። አቢዶስ፣ ግብፅ ውስጥ ያለው የጥንቱ የኦሲሪስ ቤት፣ ከ5 ኮከብ 5። እኔን የወሰደኝ የጉብኝት ፓኬጅ ከ5 ኮከብ 2፣ እሷም ብትሆን ለሾፌሩ ስል ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ግን እየደባለቀ "አቢዶስ ብዙም አይደለም፣ መንገዱ ያደክማል" ሲል እሰማለሁ። አቢዶስ ምን አደረገ? ያደከማችሁ ፓኬጁ ነው።

ባለፈው ጥር ለሥራ ካይሮ ሄጄ አምስት ቀን ተረፈኝና ሉክሶር ሄድኩ። ሉክሶር የሄደ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ካርናክ፣ የነገሥታት ሸለቆ፣ የሐትሸፕሱት ቤተ መቅደስ። ሦስተኛው መቃብር ላይ ዓይኔ ደነዘዘ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ ይሆንባችኋል። አንድ ሰውዬ ግን ከግድግዳ ግድግዳ እየተከተለ ይመጣል። ፊቱ አረንጓዴ ነው፣ ሰውነቱ እንደተገነዘ ሬሳ በነጭ ተጠቅልሏል፣ እጆቹ ብቻ ወጥተው የእረኛ ቆልማማ በትርና ጅራፍ ደረቱ ላይ ይዘዋል። ኦሲሪስ ነው። የሙታን ንጉሥ፣ የወዲያኛው ዓለም ዳኛ። የዚህ ሰውዬ ቤት የት ነው ብዬ ጠየቅኩ። አቢዶስ አሉኝ።

ያረፍኩበት ሆቴል አጠገብ ካለ አንድ የአስጎብኚ ቢሮ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፣ ሉክሶር ውስጥ እንደሱ ያለው በየበሩ ነው። ዴንዴራና አቢዶስ በአንድ ቀን፣ ሚኒባስ፣ አስጎብኚ፣ ምሳ፣ ውሃ። "ሱቅ አንገባም አይደል?" አልኩ። "ኖ ሾፒንግ፣ ማይ ፍሬንድ!" አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ያቺን እጅ ማመኔ ነው ጥፋቴ።

በስድስት ሰዓት እንመጣለን አሉ፣ በኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መሆኑ ነው። በሰዓቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። የጥር ጠዋት ሉክሶርም ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። ሚኒባሱ 12፡45 ላይ መጣ። ሌሎቹን ሰዎች ለመልቀም ሦስት ሆቴል ዞርን። ከዚያ ገና ከከተማው ሳንወጣ ቆመ። የት? ፓፒረስ ሱቅ።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ፓፒረስ ማለት ደንገል ነው፣ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል። አንዲት ልጅ አንድ አገዳ አንስታ አረንጓዴውን ልጣጭ ላጠችው፣ ነጩን ውስጡን በስሱ ሸነሸነች፣ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ከዚያ አንዱን ረድፍ በቁም ሌላውን በአግድም አነባብራ መጭመቂያ ውስጥ ከተተችው። ሙጫ የለ ምን የለ፣ የራሱ ጭማቂ ነው የሚያጣብቀው። ይሄ አምስት ደቂቃ ፈጀ። የቀረው 40 ደቂቃ ሽያጭ ነው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ብዙው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፣ የልብ ሚዛን። ብታዩት ታውቁታላችሁ። በግራ ነጭ የለበሰ ሰውዬ የቀበሮ ራስ ባለው በአኑቢስ እጁን ተይዞ ይመጣል። መሃል ላይ ትልቅ ሚዛን አለ፣ በአንዱ ሳህን የሰውዬው ልብ፣ በሌላው አንዲት ላባ። ላባዋ ማአት ናት፣ እውነትና ሥርዓት ማለት። ሚዛኑ ሥር አሚት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ራሷ አዞ፣ ደረቷ አንበሳ፣ ኋላዋ ጉማሬ። ልቡ ከላባዋ ከከበደ ትውጠዋለች፣ አለቀ፣ ሁለተኛ ሞት ነው። ቶት የሚባለው ባለ ወፍ ራስ ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ ውጤቱን ይመዘግባል። ልቡ ከቀለለለት ደግሞ የኦሲሪስ ልጅ ሆረስ እየመራ ወደ ቀኝ ይወስደዋል፣ እዚያ አረንጓዴው ሰውዬ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል።

ሻጩ ይህን ሁሉ ሲያስረዳ እኔ የማስበው በላዔ ሰብእን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተስሎ ያላየው ማን አለ? በአንድ በኩል የበላቸው 78 ነፍሳት፣ በሌላ በኩል ለተጠማው ሰው ያጠጣው ጥርኝ ውሃ፣ እመቤታችን ጥላዋን ስትጥልበት ሚዛኑ ሲደፋ። እዚህ ግን በአማላጅ ፈንታ ክታብ ነው ያላቸው። ልባቸው እዚያ ቆሞ እንዳይመሰክርባቸው የሚለምን ድግምት በድንጋይ ጢንዚዛ ላይ አስቀርጸው ሬሳው ደረት ላይ ያደርጉ ነበር። የገዛ ልብን መፍራት፣ አስቡት።

ሻጩ ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር፣ በኋላ ነው ያገኘሁት። ይህ በየሱቁ የሚገለበጠው ሥዕል ዋናው ሁኔፈር ለሚባል ጸሐፊ የተሠራ ነው፣ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሁኔፈር የቀዳማዊ ሴቲ ሹም ነበር። ቀዳማዊ ሴቲ ደግሞ የዚያን ቀን ልናየው የምንሄደውን የአቢዶስ ቤተ መቅደስ ያሠራው ንጉሥ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ኖሮ ሱቁን ይቅር እለው ነበር።

ገዛሁ። አዎ ገዛሁ፣ አትሳቁ። አዲስ አበባ ደርሼ ጥቅሉን ስፈታ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰነጠቀ። እውነተኛ ደንገል ቢጠቀለልም መልሶ ይዘረጋል፣ ወደ ብርሃን ስታነሡት ቁምና አግድም የተነባበረው መስመር ይታያል። የሙዝ ቅጠል ግን ይሰበራል። የኔው የቱ እንደሆነ ገብቷችኋል። ስንጥቁ ያለፈው በአሚት አንገት ላይ ነው፣ ቢያንስ እሷ ሞታለች።

ከሉክሶር ዴንዴራ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አያስጠላም፤ በቀኝም በግራም ሸንኮራ አገዳ፣ ቦይ፣ አህያ ጋሪ፣ በየመሃሉ ኬላ። ሾፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ሁሉም ሐጅ ይለዋል። ከየት ነህ ሲለኝ ኢትዮጵያ አልኩት። "አህ፣ ሰድ አን-ናህዳ!" ብሎ መሪውን መታ፣ የኛን ግድብ መሆኑ ነው። ተኮሳትረን ተያየን፣ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። የዚያን ቀን ከተከፈለው ገንዘብ ዋጋውን ያገኘው ያ ወንበር ብቻ ነው።

ዴንዴራ ሐቶር የምትባለው አምላክ ቤት ነው እንጂ የኦሲሪስ አይደለም፣ ግን እንዳትዘሉት። የትልቁ አዳራሽ ጣሪያ የዘመናት ጥላሸት ተጠርጎለት ሰማያዊው ወጥቷል፣ ቀና ብላችሁ አንገታችሁ እስኪያማችሁ ታያላችሁ። የሰማይ አምላክ ኑት ሰውነቷን ዘርግታ ማታ ፀሐይን በአፏ ስትውጥ፣ ጠዋት ስትወልዳት ተስላለች። አስጎብኚያችን እሷን እያሳየ አንድ ተረት ነገረን፣ ሌሎቹ ፎቶ ያነሳሉ፣ እኔ ጆሮዬ ቆመ። ኑት በዓመቱ ውስጥ ባለ በማናቸውም ቀን እንዳትወልድ ተረግማ ነበር። በ12 ወር፣ በየወሩ 30 ቀን፣ አንድም ቀን የላትም። ያ ጸሐፊው ቶት ከጨረቃ ጋር ቁማር ተጫውቶ ብርሃኗን ቀስ በቀስ በላትና አምስት ተጨማሪ ቀን ሠራላት። ከዓመቱ ውጪ ናቸው፣ እርግማኑ አይመለከታቸውም። በመጀመሪያው ቀን ኦሲሪስ ተወለደ፣ ከዚያ ታላቁ ሆረስ፣ ሴት (ስሙ ነው፣ ወንድ ነው፣ አትደናገሩ)፣ ኢሲስ፣ ኔፍቲስ። ይሄማ ጳጉሜን ነው! ብዬ ጮህኩ፣ ማንም አልገባውም። የኛ 13 ወር ከየት እንደመጣ ሲነገር የሰማነው ነው፣ ከግብፅ በእስክንድርያ በኩል። ጳጉሜን 1 የኦሲሪስ ልደት ነው ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ጣሪያው ላይ የሚያወጣው ደረጃ መሃል መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል፣ ቄሶቻቸው በሰልፍ ሲወጡ ሲወርዱበት። ላይ የኦሲሪስ ክፍሎች አሉ። የአንዱ ጣሪያ ላይ ዝነኛው የከዋክብት ክብ ነበር፤ በ1821 ፈረንሳዮች ቆርጠው ወሰዱት፣ አሁን ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ነው፣ እዚህ ያለው ቅጂው ነው። ሁሉም ወደ እሱ አንጋጠጠ። ግድግዳውን ያየ የለም። ግድግዳው ላይ ግን ዋናው ነገር አለ። ኦሲሪስ የአንበሳ ቅርጽ ባለው አልጋ ላይ ተጋድሟል፣ በላዩ ላይ አንዲት ወፍ ክንፏን ዘርግታ ታንዣብባለች። ሚስቱ ናት፣ ኢሲስ። ወንድሙ ሴት በቅናት ገድሎት፣ ግሪኩ ፕሉታርክ እንደጻፈው ሬሳውን 14 ቦታ ቆራርጦ በትኖታል። እሷ ለቅማ ሰበሰበችው፣ አኑቢስ ገነዘው፣ በክንፏ አየር ነፋችበት፣ ለአፍታ ነቃላት፣ ልጁን ሆረስን ፀነሰች (ታላቁ ሆረስ ሌላ ነው)። እሱ ግን ወደ ሕያዋን አልተመለሰም፣ እዚያው የሙታን ንጉሥ ሆኖ ቀረ። አምላክ ሆኖ ሞትን የቀመሰ ስለሆነ ነው ሰዉ የወደደው መሰለኝ።

እነዚሁ ክፍሎች ውስጥ በኮያክ ወር የሚደረገው በዓል ሥርዓት ተጽፏል። ኮፕቶች ወሩን ዛሬም ኪያህክ ይሉታል፣ ከኛ ታኅሣሥ ጋር አንድ ነው። ከወሩ 12 እስከ 30 ባለው ጊዜ በኦሲሪስ ቅርጽ የተሠራ ገበታ ውስጥ ገብስና አፈር ይከታሉ፣ ውሃ ያጠጡታል፣ እንደ ብቅል ይጎነቁላል። ከሬሳው ሆድ ቡቃያ ወጣ ማለት ነው። ፊቱ አረንጓዴ የሆነው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥቁር ያደርጉታል፣ የጎርፉ አፈር መልክ። አገራቸውንም ኬመት ይሉት ነበር፣ ጥቁሯ ምድር። ያ አፈር ከየት ይመጣ እንደነበር ዓባይና ተከዜ ያውቃሉ። በ1970 የአስዋን ታላቁ ግድብ ካለቀ ወዲህ ግን ደለሉ እዚያው ይቀራል። ለሐጅ ይህን ስነግረው "እና ኦሲሪስ የናንተ ነው በለኛ" አለኝ። አላልኩም፣ እሱ ነው ያለው።

አቢዶስ ስንደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነበር። ከሉክሶር 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባልያና የምትባል ከተማ አጠገብ። ምሳው (የቀዘቀዘ ሩዝና ዶሮ፣ ሌላ አልናገርም) አንድ ሰዓት በልቶብናል። አስጎብኚው ሰዓቱን አየና "50 ደቂቃ አለን" አለ። ለ50 ደቂቃ ይህን ሁሉ መንገድ!

50 ደቂቃው ሁለት ነገር አሳየን። አንደኛው "ሄሊኮፕተሩ" ነው። ከአንድ ምሰሶ በላይ ያለ ድንጋይ ላይ ሄሊኮፕተር የሚመስል ቅርጽ አለ፣ ዩቲዩብ አብዷል። ነገሩ ቀላል ነው፣ የሴቲን የማዕረግ ስም ልጁ ራምሴስ በልስን አስደፍኖ የራሱን አስቀረጸበት፣ ልስኑ ሲረግፍ ሁለቱ ጽሑፍ ተደራረበ። አስጎብኚው ግን ይህን ትቶ ዓይኑን ጠቀሰንና "ማን ያውቃል?" አለ። ይታወቃል እንጂ!

ሁለተኛው የነገሥታት ዝርዝር ነው፣ ይሄ ያስቆማል። ጠባብ ኮሪደር ላይ ከመጀመሪያው ንጉሥ ከሜኔስ ጀምሮ እስከ ሴቲ 76 ነገሥታት በስማቸው ተደርድረዋል፣ ሴቲ ቆሟል፣ ትንሹ ልጁ ራምሴስ ጥቅልል ይዞ ያነባል። ሐትሸፕሱትን ፈለግኩ፣ የለችም። አኬናተን የለም። ቱታንካሙን፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ልጅ፣ የለም። ዘለሏቸው። ጥፋታቸውን እያሰብኩ ሳለ "ያላ፣ ያላ" ተባልን። የኦሲሪስን ክፍል በበሩ አሻግሬ ነው ያየሁት።

ማታ ሆቴል ገብቼ ተናደድኩ። የሱን ቤት ልይ ብዬ ወጥቼ ሱቅና ሄሊኮፕተር አይቼ መጣሁ። ለሐጅ ደወልኩለት፣ ሲለየን ስልኩን ሰጥቶኝ ነበር። የራሱ ያረጀች ታክሲ አለችው። በሁለተኛው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን፣ 2 ሰዓት ላይ አቢዶስ በር ላይ ነበርን። ዋጋው ከፓኬጁ ትንሽ በለጠ፣ በሁለት ሰው ቢካፈሉት ግን ያንሳል።

እና ባዶ ነበር። ሰው የለም። ወፎች ብቻ አዳራሹ ውስጥ ይጮሃሉ። ብርሃን ጣሪያው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች በዱላ በዱላ ወርዶ ወለሉ ላይ ይቆማል። በዋናው አዳራሽ መጨረሻ ሰባት ክፍል ጎን ለጎን ተደርድሯል፣ ለሴቲ ለራሱ፣ ለፕታህ፣ ለራ-ሆራክቲ፣ ለአሞን-ራ፣ ለኦሲሪስ፣ ለኢሲስ፣ ለሆረስ። ሌሎቹ ውስጥ ስትገቡ ከኋላ ግድግዳው ላይ በር ተቀርጿል፣ በር የሚመስል ድንጋይ ነው፣ አይከፈትም። የኦሲሪስ ክፍል ብቻ እውነተኛ በር አለው። ታልፋላችሁ፣ ከኋላው ሌላ አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ሌሎች ክፍሎች። ስድስቱ ጋ ቆማችሁ ትመለሳላችሁ፣ እሱ ጋ ታልፋላችሁ። ይህን አስጎብኚው አልነገረን፣ በእግሬ ነው የተረዳሁት።

ቅርጹን በባትሪ ከጎን አብሩበት። ሴቲ ያስቀረጸው ከድንጋዩ ብድግ ያለ ነው፣ ራምሴስ በኋላ የጨመረው ወደ ውስጥ የተቆፈረ፣ ፈጠን ፈጠን ያለ። የሴቲ ላይ ጥፍር ትቆጥራላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ዕጣን ያጥናል፤ የልብሱ እጥፋት ከጭኑ በላይ እየሳሳ ሄዶ ጭኑ በጨርቁ ውስጥ ይታያል፣ በድንጋይ! ቀይና ሰማያዊ ቀለሙ ብዙ ቦታ አለ። እዚያ አንድ ግድግዳ ፊት ለፊት ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ።

ጥበቃው፣ ሽበታም ሰው፣ መጥቶ የንጉሡን ስም የያዘውን ሞላላ ክብ በጣቱ አሳየኝ። ሴቲ ማለት "የሴት ሰው" ማለት ነው። የሴት፣ የዚያ የገዳዩ። ታዲያ የገዳዩን ስም ይዞ የሟቹ ቤት እንዴት ይግባ? ስሙን ሲጽፉ ሴትን የሚወክለውን አውሬ አውጥተው በቦታው ቁጭ ያለ ኦሲሪስ አስገቡበት። ንጉሥም ቢሆን እንግዳ ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ለጥበቃው ጉርሻ የሰጠሁት በደስታ ነው፣ በቅሺሽ ሳይለኝ።

ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ኦሲሪዮን አለ። መሬት ውስጥ የሰጠመ ነው፣ ከላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት። ግዙፍ የአስዋን ድንጋይ ምሰሶዎች፣ አምስት በዚህ አምስት በዚያ፣ ዙሪያቸውን አረንጓዴ ውሃ። ውሃው ከመሬት የሚመነጭ ነው። የኦሲሪስ መቃብር አምሳያ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ መሃሉ ደሴት፣ ዓለም ከውሃ ስትወጣ እንደማለት። ጌጥ የለ፣ ምን የለ። ጆሮ የሚጮህበት ጸጥታ ነው።

ከዚያ ወዲያ በረሃው ነው። ጥበቃው ወደ ምዕራብ እያመለከተ "ኡም ኤል-ቃአብ" አለኝ፣ የገንቦዎች እናት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት መቃብር እዚያ ነው። በኋላ ሰዎች ከነሱ የአንዱን፣ የንጉሥ ጀርን መቃብር፣ የኦሲሪስ መቃብር ነው ብለው አመኑ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሸክላ እየያዙ ተሳለሙት፣ ስብርባሪው ኮረብታ ሆነ። አቅሙ ያለው ደግሞ የበዓሉ ሰልፍ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ስሙን የያዘ ድንጋይ ያስተክል ነበር፣ ሬሳው ሌላ አገር ቢቀበርም። ሬሳዬን ደብረ ሊባኖስ ውሰዱልኝ የሚል ሽማግሌ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም። እዚያ መሄድ ግን ለቱሪስት ክፍት አይደለም፣ በዓይን ብቻ ነው።

ለሚሄድ ሰው የምለው፦ ሹፌር ብቻ ያዙ፣ አቢዶስን መጀመሪያ አድርጉት፣ ዴንዴራን ስትመለሱ። ከሁለት ሰዓት ያነሰ ለአቢዶስ አትስጡ። ትኬት የከፈልነው በካርድ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ለጉርሻ ግን ዝርዝር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ባትሪ ያዙ፣ የስልኩም ይበቃል። "ሱቅ አንገባም" የሚል ሰው እጁን ደረቱ ላይ ካደረገ በጽሑፍ አስፈርሙት።

ከበሩ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ድመቶች። እኔና ሐጅ እዚያ ተቀመጥን። ሻዩ ጥቁር ነው፣ ስኳሩ ከመጠን በላይ። ሐጅ አንዴ ቤተ መቅደሱን፣ አንዴ እኔን አየና 20 ዓመት ሰው ሲያመላልስ አንድም ቀን ወደ ውስጥ እንዳልገባ ነገረኝ። ትኬት ልግዛለት አልኩት። ሻዩን ጨርሶ ተነሣ፣ አቧራውን ከጀለቢያው አራገፈ፣ "ሄሊኮፕተሩን ብቻ" አለኝ።